ቀን በወንበር፣ ሌሊት በአልጋ፦ የጃፓኑ 583 ፈጣን የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመዘን

የጃፓን ብሔራዊ ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ላይ ያዋለው 581 እና በማግሥቱ ዓመት የተከተለው 583፣ በአንድ አካል ሁለት ሥራ እንዲሠሩ ተብለው የተነደፉ ፈጣን የኤሌክትሪክ ባቡሮች ናቸው። ሌሊት ተሳፋሪውን አልጋ ላይ አስተኝተው ያደርሳሉ፤ ሲነጋ አልጋዎቻቸው ተጣጥፈው ወንበር ይሆኑና ቀኑን እንደ ማንኛውም ፈጣን ባቡር ሰው ሲያመላልሱ ይውላሉ። ለመኝታ አገልግሎት የተሠራ በዓለም የመጀመሪያው ባለ ብዙ ሞተር የኤሌክትሪክ ባቡር ተብሎ የሚነገርለትም ይኸው ነው። እስከ 1972 ድረስ በጠቅላላው 434 ፉርጎዎች ተሠርተው ወጡ፤ ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ እስከ 2017 ድረስ ሐዲድ ላይ ቆይተዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ባቡሩን የምመዝነው በቴክኒክ ዝናው ሳይሆን ትኬት ቆርጦ ለተሳፈረበት ሰው በሰጠው አገልግሎት ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና፣ 583 ሌሊት ሲሳፈሩበት ከዘመኑ የቀደመ፣ ቀን ሲሳፈሩበት ደግሞ ከእኩዮቹ ያነሰ ባቡር ነበር፤ ያነሳውም የጣለውም ይህ ልዩነት ነው።

ይህን ያህል እንግዳ የሆነ ባቡር ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የ1960ዎቹን ጃፓን ማሰብ ያሻል። ጥቅምት 1 ቀን 1964 ቶኪዮን ከሺን-ኦሳካ ያገናኘው፣ ሺንካንሰን የተባለው እጅግ ፈጣን ባቡር መስመር ተከፈተ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሳንዮ አካባቢና ወደ ኪዩሹ ደሴት የሚቀጥለው መንገደኛ ግን ሺን-ኦሳካ ላይ ወርዶ በነባሩ ጠባብ ሐዲድ በሚሄድ ሌላ ባቡር መሳፈር ነበረበት። ኢኮኖሚው በፍጥነት እያደገ ስለነበር የተሳፋሪው ቁጥር ከፉርጎዎቹ ቁጥር ቀድሞ ይጨምር ነበር። ድርጅቱን የቸገረው የፉርጎ እጥረት ብቻም አልነበረም፤ የሚቆሙበት ግቢም ጠቦት ነበር። የመኝታ ባቡር ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ቆሞ ይውላል፤ የወንበር ባቡርም ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያድራል፤ ሁለቱም ቦታ ይይዛሉ። አንዱ የሌላውን ሥራ መሥራት ከቻለ ግን በግማሽ ፉርጎና በግማሽ ግቢ ያንኑ ያህል ሰው ማመላለስ ይቻላል። ሐሳቡ የሒሳብ ሠራተኛ ሐሳብ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ብረትና ወደ ጨርቅ የተለወጠው በከፍተኛ ጥንቃቄ ነው።

ከዚያ በፊት የጃፓን የሌሊት ጉዞ መለኪያ በ1958 የመጣው ባለ ሰማያዊ ቀለሙ 20 የተባለው የመኝታ ባቡር ነበር፤ እርሱም በሎኮሞቲቭ የሚጎተት ነው። አዲሱ ባቡር ግን ሞተሮቹን በአንድ ጎታች ላይ ከመከመር ይልቅ በበርካታ ፉርጎዎች ሥር በተናቸው። በዚህም ከጣቢያ ሲነሣ ፈጥኖ ይነሣል፣ ዳገት ላይ አይለግምም፣ መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስም ጎታች ፈትቶ ማዞር ሳያስፈልግ ነጂው በሌላኛው ጫፍ ወዳለው ክፍል ሄዶ መመለስ ይችላል። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ይህ 1067 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጠባብ ሐዲድ ላይ፣ ያውም አልጋ ተሸክሞ ለሚሮጥ ባቡር፣ በወቅቱ የሚያኮራ ነበር።

የመጀመሪያው 581 ጥቅምት 1 ቀን 1967 ሥራ ጀመረ። ሌሊት ጌኮ በሚል ስም ከሺን-ኦሳካ እስከ ሃካታ፣ ቀን ደግሞ ሚዶሪ በሚል ስም ከሺን-ኦሳካ እስከ ኦይታ ይመላለስ ነበር። መናኸሪያው ኪዩሹ ውስጥ የሚገኘው የሚናሚ-ፉኩኦካ ዴፖ ነበር። ስሙና የጊዜ ሰሌዳው ሁለት ቢሆንም ፉርጎው አንድ ነው፤ ትናንት ማታ ሰው የተኛበት ቦታ ላይ ዛሬ ሌላ ሰው ተቀምጦ ምሳውን ይበላል።

ኤሌክትሪኩም የራሱ ጣጣ ነበረው። በምዕራብ ጃፓን የሳንዮ መስመር ሽቦ የሚያስተላልፈው 1,500 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ የባሕር ወሽመጡን በዋሻ አልፈው ኪዩሹ ሲገቡ ግን ሽቦው 20,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ድግግሞሹም 60 ኸርዝ። 581 ሁለቱን መቀበል ይችል ነበር። በምሥራቅና በሰሜን ያለው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ግን 50 ኸርዝ ስለሆነ 581 ወደዚያ መሄድ አይችልም። 583 የተወለደው ይህን ለማስተካከል ነው፤ ሦስቱንም ዓይነት ኤሌክትሪክ ስለሚቀበል ከኪዩሹ እስከ ሰሜኑ አኦሞሪ በየትኛውም ዋና መስመር ሊሠማራ ይችላል። ለውጡ የነካው ሞተር የተሸከሙትን ፉርጎዎች ብቻ በመሆኑ፣ ሞተር ከሌላቸው ፉርጎዎች አብዛኞቹ 583 ውስጥ ተቀጥለው እያሉም 581 የሚለውን ቁጥራቸውን ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ ባቡር የሚያነብ ሰው ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሰልፍ ውስጥ ተደባልቀው ቢያገኝ ግር አይበለው፤ ለተሳፋሪው ልዩነት አልነበራቸውም።

ሰሜኑ የ583 እውነተኛ አገር ሆነ ማለት ይቻላል። በ1968 የቶሆኩ ዋና መስመር ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ መሥራት ሲጀምር፣ በጥቅምት ወር በተደረገው ታላቅ የጊዜ ሰሌዳ ለውጥ 583 ከቶኪዮው የኡዌኖ ጣቢያ እስከ አኦሞሪ ተሠማራ። ቀን ሃትሱካሪ፣ ሌሊት ደግሞ ሃኩትሱሩና ዩዙሩ በሚሉ ስሞች ይሄድ ነበር። ቀደም ሲል በናፍጣ ባቡር ይሄድ የነበረው ሃትሱካሪ የጉዞ ጊዜውን ወደ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ አወረደ። 13 ፉርጎ የነበረው ይህ ረጅም ባቡር የምግብ ቤት ፉርጎና የአንደኛ ማዕረግ ፉርጎም ነበረው። የአንደኛ ማዕረጉ ፉርጎ ግን አልጋ አልተሠራለትም፤ ወደ ኋላ የሚንጋለሉ ወንበሮች ብቻ ስለነበሩት፣ ሌሊቱን በዚያ የሚጓዝ ሰው ወንበር ላይ ነበር የሚያድረው። በዚያው ባቡር አነስ ያለ ማዕረግ ያለው ሰው ተዘርግቶ ሲተኛ፣ የበላዩ ማዕረግ ተቀምጦ ማደሩ በአገልግሎት አንጻር የማይጥም አሠራር ነው፤ እኔ ብሆን አልጋውን እመርጥ ነበር።

አሁን ወደ አልጋው። የዚህ ባቡር ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልገልጸው እወዳለሁ። ፉርጎው መካከል ላይ መተላለፊያ አለው፤ በግራና በቀኝ ለሁለት ሰው የሚሆኑ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አራት ሰው የሚይዘው የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበትን ያህል ነው። ማታ ሠራተኛው የሁለቱን ወንበሮች መቀመጫ ወደ መሀል ሲስባቸው ይገጥማሉ፤ መደገፊያዎቹም አብረው ወርደው በቦታቸው ይተኛሉ፤ ታችኛው አልጋ ተዘጋጀ ማለት ነው። ከመስኮቱ በላይ፣ ወደ ጣሪያው ዘንበል ባለው ግድግዳ ውስጥ ተጣጥፈው የዋሉት መካከለኛውና ላይኛው አልጋ ደግሞ ተዘርግተው በቦታቸው ይቆለፋሉ። መሰላሉ ይቆማል፣ በመተላለፊያው በኩል መጋረጃ ይሰቀላል፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ይነጠፋል። አራት ሰው የተቀመጠበት ቦታ ሦስት ሰው ያስተኛል፤ ስለዚህ ቀን 60 ሰው የሚቀመጥበት ፉርጎ ሌሊት 45 አልጋ ይኖረዋል።

ሌሎቹ የጃፓን ባለ ሦስት ደርብ መኝታ ፉርጎዎች አልጋውን የሚዘረጉት ከሐዲዱ ጋር መስቀለኛ አድርገው ነበር። በ583 ግን አልጋው የሚዘረጋው በሐዲዱ አቅጣጫ ነው፤ ይህም ከወንበሮቹ አቀማመጥ የመጣ ግዴታ ነው። ከዚህ ግዴታ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ተገኘ፤ እርሱም ስፋት ነው። በሰማያዊው 20 ባቡር የሁለተኛ ማዕረግ አልጋ ስፋቱ 52 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው በጀርባው ቢተኛ ክንዱን የሚያሳርፍበት አያገኝም። የ583 መካከለኛና ላይኛ አልጋ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ታችኛው ደግሞ ሁለት ሰው ከሚቀመጥበት ወንበር ስለሚሠራ 106 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከ1 ሜትር በላይ ስፋት ያለው አልጋ በሁለተኛ ማዕረግ ዋጋ ማግኘት በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። በሎኮሞቲቭ የሚጎተቱት ባቡሮች 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ የደረሱት አልጋቸውን ወደ ሁለት ደርብ ዝቅ ካደረጉ በኋላ፣ በ1974 ነው።

ስፋት የተገኘው ግን ከፍታ ተከፍሎበት ነው። ጣሪያው ከሌሎቹ ባቡሮች ከፍ ተደርጎ ቢሠራም፣ ሦስት አልጋ በላይ በላይ ሲደረደር ለእያንዳንዱ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። በመካከለኛውና በላይኛው አልጋ ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም፤ ልብስ የሚለውጥ ሰው ተኝቶ መለወጥ አለበት። ታችኛው ትንሽ ይሻላል፣ ግን እዚያም አዋቂ ሰው አንገቱን መድፋቱ አይቀርም። መስኮት በተመለከተ ታችኛው የቀኑን ትልቅ መስኮት ለብቻው ይወርሳል። ለላይኞቹ የተተወላቸው በአልጋቸው ቁመት ልክ የተከፈተች ትንሽ የማያ ቀዳዳ ናት፤ ባቡሩን ከውጭ ሲያዩት ከትልልቆቹ መስኮቶች በላይ ተበታትነው የሚታዩት ትንንሽ መስኮቶች እነዚህ ናቸው። መስኮት ለላይኛው አልጋ እንደማያስፈልግ መወሰን ቀላል ነበር፤ ንድፍ አውጪዎቹ ግን ከራስጌ የሚያልፈውን የጣቢያ ስም ለማየት የሚፈልግ ተሳፋሪ እንደሚኖር አስበዋል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ነው ይህን ባቡር እንዳከብረው ያደረገኝ።

ሌላም የማደንቀው ነገር አለ። ትልልቆቹ መስኮቶች ድርብ መስታወት አላቸው፤ ጨርቅ መጋረጃ ከመስቀል ይልቅ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ቀጫጭን አግዳሚ ዝርግፍ መጋረጃ ተገጥሞ በእጅ በሚዞር መያዣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለዚህ ውሳኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታችኛው አልጋ ላይ የተኛ ሰው ፊቱ መስኮቱ ሥር ስለሆነ የሚወዛወዝ ጨርቅ ይረብሸዋል። ድርቡ መስታወትም የውጭውን ድምፅና ብርድ ይከለክላል።

አዘውትረው የሚጓዙ ሰዎች በጉጉት የሚይዙት አንድ ቦታም ነበር። ኃይል ከሽቦ የሚቀበለው ፓንቶግራፍ የተተከለበት ፉርጎ፣ ከፓንቶግራፉ ሥር ያለው ጣሪያ ዝቅ ማለት ስላለበት በዚያ በኩል ላይኛ አልጋ ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ እዚያ ያሉት ክፍሎች ሁለት ደርብ ብቻ ናቸው፤ መካከለኛው አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው የሁለት ሰው ከፍታ ለብቻው ያገኛል፤ ክፍያው ግን የተራው መካከለኛ አልጋ ክፍያ ነው። ትኬት ሲቆርጡ የፉርጎውንና የአልጋውን ቁጥር ለይተው የሚጠይቁ ብዙዎች ነበሩ፤ ትክክልም ነበሩ። በመላው ባቡር ውስጥ ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚያዋጣ ቦታ እርሱ ነው።

ስለ ዋጋ ከተነሣ፣ የታችኛው አልጋ ክፍያ ከሌሎቹ ሁለቱ ይበልጥ ነበር። በአገልግሎቱ የመጨረሻ ዓመታት ከጉዞ ዋጋው በላይ ለታችኛው 6,300 የን፣ ለመካከለኛውና ለላይኛው 5,250 የን ይከፈል ነበር። የስፋቱንና የመስኮቱን ልዩነት ስመለከት በመካከላቸው ያለው ብልጫ ተገቢ ሆኖ አገኘዋለሁ። 52 ሴንቲ ሜትር ላይ ሦስቱንም ደርብ በአንድ ስፋት ካስተኛው አሠራር ይልቅ፣ ለተሳፋሪው ምርጫ የሚሰጠው ይህኛው ይሻላል።

የጉዞው ምቾት ከጠበቅሁት በላይ የተመሰከረለት ነው። ፉርጎዎቹ በአየር በሚሠራ ሱስታ ላይ ስለተቀመጡ ንቅናቄያቸው ለስላሳ ነው፤ ሎኮሞቲቭ የሚጎትተው ባቡር ሲነሣና ሲቆም የሚሰማው የመጎተት ንጠት እዚህ የለም፤ ለተኛ ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። በአንጻሩ ሞተር የተሸከመ ፉርጎ ላይ የተኛ ሰው የሞተሩን ጩኸት ከሥሩ ይሰማል፤ ባቡሩ ከጣቢያ በተነሣ ቁጥር ድምፁ ከፍ ይላል። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ሞተር አልባ ፉርጎ መምረጥ ነበረበት፤ ጫፍ ላይ ያሉት የነጂ ክፍል ያለባቸው ፉርጎዎች ከእነዚህ ይመደባሉ።

ቀን ሲሆን ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። አልጋ እንዲሆኑ የተሠሩት ወንበሮች ፊት ለፊት ተተክለው የቀሩ ናቸው፤ አይዞሩም፣ ወደ ኋላም አይንጋለሉም። በዚያው ዘመን በሌሎቹ ፈጣን የኤሌክትሪክ ባቡሮች፣ ለምሳሌ በ485፣ ጥንድ ወንበሮቹ ወደ ባቡሩ አቅጣጫ ይዞሩ ነበር፤ በ583 ከተሳፋሪው ግማሹ ጀርባውን ወደ መድረሻው ሰጥቶ ይጓዛል፣ ከማያውቀው ሰው ጋርም ጉልበት ለጉልበት ተያይቶ ለሰዓታት ይቀመጣል። እውነት ነው፣ የእግር ቦታው ሰፊ ነው፤ መቀመጫውም አልጋ መሆን ስላለበት ወፍራምና ምቹ ነው። ለአራት የቤተሰብ አባላት ከዚህ የተሻለ ክፍል አይገኝም። ለብቻው ለሚጓዝ ሰው ግን ተመሳሳይ የፈጣን ባቡር ክፍያ ከፍሎ ከጎን ባለው መስመር የሚያልፈው ባቡር ውስጥ የማያገኘውን ችግር መቀበል ይሆንበታል። ቅሬታው የተነሣው ከዚህ ነው፤ በ1967 የማይሰማ ቢሆንም፣ ተሳፋሪው ይበልጥ ምቾት መጠየቅ ሲጀምር እየጎላ መጣ።

መውጫና መግቢያውም እንዲሁ ነው። ለአልጋና ለመቀመጫ ቦታ ለማትረፍ ሲባል እያንዳንዱ ፉርጎ 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ተጣጣፊ በር ተሰጥቶታል። ሌሊት ሰው ጥቂት ጣቢያ ላይ ተሳፍሮ ስለሚተኛ ይህ ችግር አይደለም። ቀን ግን በየጣቢያው 60 ሰው ሻንጣ ይዞ በአንዲት ጠባብ በር ሲወጣና ሲገባ ባቡሩ ከሰሌዳው ይዘገያል። አልጋውን በየቀኑ የማጣጠፉና የመዘርጋቱ ሥራም ቀላል አልነበረም፤ በዴፖ ውስጥ ብዙ እጅና ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። ቀንም ሌሊትም ስለሚሮጥ የሚጓዘው ኪሎ ሜትር ብዙ ነው፤ ለጥገና የሚተርፈው ጊዜ ግን ጥቂት። የሒሳብ ሠራተኛው ያተረፈውን ጊዜ መካኒኩ ከፍሎበታል ማለት ነው።

በመልኩ ላይ ክርክር የለኝም። በክሬምና በሰማያዊ የተቀባው ረጅም ሰልፍ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠው የነጂ ክፍል፣ ከፊት ለፊቱ ላይ ሌላ ባቡር ሲቀጠል መተላለፊያ ለመሆን የተሠራው በር፣ በአጠቃላይ ቁመናው ግርማ ያለው ነው። የጃፓን የባቡር ወዳጆች ማኅበር የ1968 የብሉ ሪቦን ሽልማቱን ለ581 ሰጥቶታል። ፊቱም ተወዳጅ ሆኖ ከ1972 ጀምሮ በተሠሩት በ485 አዳዲስ ፉርጎዎችና በ183 ላይ ተደግሟል። ልጆችም አዋቂዎችም የሚያውቁት የጃፓን ፈጣን ባቡር ፊት ከእርሱ የተወረሰ ነው ብል አላጋነንኩም።

የመውደቂያው ምክንያት ያው ለመወለዱ ምክንያት የሆነው ሺንካንሰን ነው። መጋቢት 10 ቀን 1975 የሳንዮ ሺንካንሰን እስከ ሃካታ ደረሰ፤ ጌኮ ተሰረዘ፣ የቀኑ ሥራም በምዕራብ በኩል እያለቀ ሄደ። ሰኔ 23 ቀን 1982 የቶሆኩ ሺንካንሰን እስከ ሞሪኦካ ከተከፈተ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በሰሜን ያለው ሃትሱካሪ ከሞሪኦካ እስከ አኦሞሪ ብቻ የሚሄድ አጭር ባቡር ሆነ። የቀን ሥራው ሲጠፋ፣ ቀንም ሌሊትም እንዲሠራ የተገነባ ባቡር ሌሊት ብቻ የሚሠራ ሆነ፤ በሌሊቱ በኩል ደግሞ ሁለት ደርብ አልጋ ያላቸው አዳዲስ ፉርጎዎች ቀርበው ነበር። የተመሠረተበት ሒሳብ ስለፈረሰ፣ ምንም ሳይበላሽ ትርፍ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የተደረገበት ነገር እስካሁን ያስቆጨኛል። ዕዳ ውስጥ የገባው ብሔራዊ ምድር ባቡር አዲስ የአካባቢ ባቡር የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ገና ያላረጁትን የ583 ፉርጎዎች ወደ ተራ ባቡር ለወጣቸው። በ1984 ኪዩሹ ውስጥ፣ በ1985 በሴንዳይ አካባቢ 715 የሚል ቁጥር ተሰጣቸው፤ በ1985 በሆኩሪኩ መስመር ደግሞ 419 ተባሉ። ተጨማሪ በር ተበሳላቸው፤ መካከለኛ የነበሩት ፉርጎዎች ጫፋቸው በቀጥታ ተቆርጦ የነጂ ክፍል ተገጠመላቸው፤ ፊታቸው ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ስለሆነም ሰዉ የተቆረጠ ዳቦ ባቡር እያለ ይጠራቸው ጀመር። ጠባቡ ተጣጣፊ በር ሳይቀየር ቀረ፤ ጠዋትና ማታ ተማሪና ሠራተኛ በሚጋፋበት ሰዓት በእንዲህ ያለ በር ሰው ማሳፈር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር መገመት አይከብድም። ላይኞቹ አልጋዎች ተቆልፈው ከግድግዳው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ፣ የማያ ቀዳዳዎቹም በከፊል አልተነኩም፤ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ለአልጋ በተሠራ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። በምቾት ደረጃ ከተራ ባቡር ይበልጣል፣ በአሠራሩ ግን ለዚያ ሥራ የተፈጠረ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ 419 እስከ 2011 ድረስ ማገልገሉ የመጀመሪያው ግንባታ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር ያስረዳል።

በመኝታ ሥራው ሳይለወጥ ረጅም ዕድሜ ያገኘው በኪታጉኒ ላይ የተሠማራው ነው። ይህ ባቡር ኦሳካን ከኒጋታ ያገናኝ የነበረ የሌሊት ኤክስፕረስ ሲሆን፣ 583 በ1985 ተረክቦት እስከ መጋቢት 2012 ድረስ በየሌሊቱ አመላልሷል። በእኔ ግምት 583 በአገልግሎት ደረጃ ከሁሉ የተሳካለት እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰልፍ ውስጥ ባለ ሦስት ደርብ አልጋ፣ ወደ ሁለት ደርብ ተለውጦ የተሻሻለ የአንደኛ ማዕረግ አልጋ፣ የአንደኛ ማዕረግ ወንበርና ያለ ቦታ ቁጥር የሚሳፈሩበት ተራ ወንበር አብረው ይገኙ ነበር። ገንዘብ ያለው ይተኛል፣ የሌለው ተቀምጦ ያድራል፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይደርሳል። ለጥቂት ጣቢያ የሚሳፈር ሰው እንኳ ቦታ ነበረው። ከመደበኛው የጊዜ ሰሌዳ ከወጣ በኋላ በበዓላት ሰሞን ብቻ ጥቂት ጊዜ ሄዶ በ2013 መጀመሪያ ቆመ። በሰሜን በኩል የቀሩት ፉርጎዎች አኪታ ላይ ተመድበው ለልዩ ጉዞዎች ያገለግሉ ነበር፤ እነርሱም በሚያዝያ 2017 የመጨረሻ ጉዟቸውን አደረጉ። ከእነዚያ ጥቂቶቹ ወደ ታይዋን ተልከው ለባቡር ሙዚየም ተሰጥተዋል።

ዛሬ ጃፓን ውስጥ በመደበኛ ሰሌዳ የሚሄድ የመኝታ የኤሌክትሪክ ባቡር ቢኖር በ1998 የጀመረው 285፣ ማለትም ሰንራይዝ ኤክስፕረስ ነው። እርሱ በአብዛኛው በር ያላቸው የግል ክፍሎች ስላሉት ምቾቱ ከ583 ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ነገር ግን ሌሊት ብቻ ይሠራል። ቀንና ሌሊትን በአንድ ፉርጎ የማገልገል ሐሳብን ያን ያህል ሰፊ አድርጎ የሞከረ ጃፓናዊ ባቡር ከ583 በኋላ አልመጣም። ይህን እንደ ሐሳቡ ውድቀት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ፉርጎ በጠፋበት፣ ግቢ በጠበበበት፣ ሺንካንሰን ገና ግማሽ መንገድ ላይ በነበረበት ዘመን፣ 583 የተጠየቀውን በትክክል ሠርቷል፤ ለሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪም ከዚያ በፊት ያላገኘውን ሰፊ አልጋ ሰጥቷል። የቀኑ ድክመት እውነተኛ ቢሆንም፣ ያንን አልጋ ለማግኘት የተከፈለ ዋጋ ነው።

በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሁለት ቦታ እጠቁማለሁ። የመጀመሪያው በ2016 የተከፈተው የኪዮቶ የባቡር ሙዚየም ነው፤ በዋናው አዳራሽ 581-35 የተባለው የጫፍ ፉርጎ ከ500 ሺንካንሰንና ከ489 ፈጣን ባቡር ጎን ቆሟል። ሦስቱን አሰላለፍ አይቶ ቁመታቸውን ማወዳደር ይገባል፤ የ581 ጣሪያ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ለምንም እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ኪታኪዩሹ ከተማ፣ ሞጂ ውስጥ ያለው የኪዩሹ የባቡር ታሪክ ሙዚየም ነው። እዚያ ያለው 581-8 ወደ 715 ተለውጦ በተራ ባቡርነት ካገለገለ በኋላ የቀድሞውን የክሬምና የሰማያዊ ቀለም መልሶ የለበሰ ነው፤ ስለዚህ የባቡሩን ሁለት ሕይወት በአንድ አካል ላይ ለማየት ከኪዮቶው ይልቅ እርሱን አስቀድማለሁ። ከጎኑ ሲቆሙ ከትልቁ መስኮት ከፍ ብለው ትንንሾቹን የማያ ቀዳዳዎች ይፈልጉ፤ ከዚያም የበሩን ስፋት በዓይን ይለኩ። የሌሊቱ ጥንካሬና የቀኑ ድክመት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ይነበባሉ።